«ታዲያ በኛ አገር ያለው ቫይቫክስ ከየት መጣ?»

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ደም ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ለአንድ ተማሪዬ የቆየ ዕዳ አለብኝ፣ እሱን እከፍላለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ባለፈው ሰሞን የደረሰኝ መልእክት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ላቦራቶሪ ያስተማርኳት፣ አሁን አሜሪካ በነርስነት የምትሠራ ልጅ ናት የጻፈችልኝ። ወንድ ልጇ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ለትምህርት ቤት ስፖርት ጤናው ሲመረመር ነጭ የደም ሴሉ፣ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባለው፣ አነሰ ተባለ። ተደገመ፤ አነሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ተደገመ፤ አሁንም አነሰ። ልጁ እንደሆነ ኳሱን ይጫወታል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ምንም አላመመውም። በመጨረሻ «ከመቅኔው ናሙና ይወሰድ» የሚል ሐሳብ መጣ። እናት ናትና እንቅልፍ አጣች። «የደም ካንሰር የሚል ቃል ማንም አልተናገረም፤ ግን በየቀኑ ራት ላይ አብሮን ይቀመጥ ነበር» ትላለች።

ከዚያ አንዲት ሌላ ሐኪም ፋይሉን አየችና «የዳፊ ደም ዓይነቱ ታይቶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀች። ታየ። ዳፊ ኔጋቲቭ ሆነ። የመቅኔው ምርመራ ቀረ፤ ልጁም ወደ ኳሱ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ያ እርስዎ በወባ ምዕራፍ ላይ ያስተማሩን ዳፊ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ፣ እሱው ነው። ይህን ስመልስላት ግን አንድ ሌላ ተማሪ ትዝ አለኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ። (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የደም ዓይነት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦን ነው። እሱን የጀመረው ቪየና ላይ ካርል ላንድስታይነር ነው። የራሱንና የባልደረቦቹን ደም ወስዶ የአንዱን የደም ውሃ ከሌላው ቀይ ሴል ጋር እያቀላቀለ አየ። አንዳንዱ ሰላም ነው፤ አንዳንዱ እንደ ተቋጠረ ወተት ጓል ጓል ይሠራል። በ1901 ባወጣው ጽሑፍ ደሙን በሦስት መደበው፤ አራተኛው ኤቢ በሚቀጥለው ዓመት በሌሎች ተጨመረ። በ1930 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራው ነው። ከዚያ በኋላ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሌሎችም ዓይነቶችን አገኘ፤ አር ኤች የምንለውም በ1940 ላይ ታወቀ።

ክፍል ውስጥ ደጋግሜ እንደምላችሁ፣ ቀይ ሴል ልሙጥ ኳስ አይደለም። ላዩ በስኳርና በፕሮቲን የተሸፈነ ነው። ከነዚህ ውስጥ የሌላ ሰው ሰውነት «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርትባቸውን አንቲጅን እንላቸዋለን። አንዱ ያለው ሌላው የለውም። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ፀረ እንግዳ አካላት ከሴሉ ላይ ይለጠፋሉ እንጂ ሴሎቹን አያቋጥሯቸውም። ስለዚህ ላንድስታይነር እንዳደረገው ቀላቅሎ በዓይን ማየት አይበቃም። የተለጠፈው አይታይም፤ ደሙ የተሰጠው ሰው ግን ይታመማል።

ይህን የፈታው ሮቢን ኩምብስ የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። በ1945 ከአርተር ሞራንት እና ከሮብ ሬስ ጋር ያወጣው ዘዴ ብልሃቱ እንዲህ ነው፦ የሰው ፀረ እንግዳ አካል ለጥንቸል ይሰጣል፤ ጥንቸሏ በሰው ፀረ እንግዳ አካል ላይ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ትሠራለች። ያ የጥንቸል ሴረም ሲጨመር፣ በየሴሉ ላይ ሳይታይ ተለጥፎ የነበረውን እርስ በርሱ ያያይዘዋል፤ ሴሎቹም ይቋጠራሉ። ላቦራቶሪ የሠራችሁ ሁሉ «ኩምብስ ቴስት» እያላችሁ ስንት ሺህ ጊዜ አድርጋችሁታል። ከዚህ ዘዴ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት አዳዲስ የደም ዓይነቶች ተራ በተራ መውጣት ጀመሩ። ስማቸው ብዙውን ጊዜ የሕመምተኛው ስም ነው፦ ኬል፣ ኪድ፣ ዳፊ።

ዳፊ ሰው ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ የነበረ ሄሞፊሊያ የያዘው፣ ማለትም ደሙ ቶሎ የማይረጋለት ሕመምተኛ። በሕመሙ ምክንያት ለዓመታት ደጋግሞ ደም ተሰጥቶታል። አንድ ጊዜ ደም ከተሰጠው በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። በደሙ ውሃ ውስጥ የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል እስከዚያ ቀን ድረስ ከሚታወቁት ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ማሪ ከትቡሽ፣ ፓትሪክ ሞሊሰን እና ዶሮቲ ፓርኪን በ1950 አዲስ የደም ዓይነት ነው ብለው አሳወቁ። አንቲጅኑንም ከስሙ የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ወስደው «ኤፍ ዋይ ኤ» አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ተጣማሪው «ኤፍ ዋይ ቢ» ተገኘ። እንግሊዞች ላይ ሲታይ፣ ሰው ወይ አንዱ አለው፣ ወይ ሌላው፣ ወይ ሁለቱም። መዝገቡ የተዘጋ መሰለ።

ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ የተቆጠረው የአውሮፓ ሰው ነው።

በ1955 ሩት ሳንገር እና ሮብ ሬስ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ሆነው የኒውዮርክ ጥቁሮችን ደም መረመሩ። ከሦስቱ የሁለቱ ያህል ሰዎች ደም ኤም የለውም፣ ቢም የለውም፤ ሁለቱም ባዶ። አውሮፓ ላይ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ኒውዮርክ ላይ የብዙኃኑ ደም ሆኖ ተገኘ። ኋላ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ላይ ሲታይ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው እንደዚያው ነው። ይህን ነው ዳፊ ኔጋቲቭ የምንለው። የስሙን አወጣጥ ተመልከቱ፦ «የሌለው»። መለኪያው ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ የመጣው ከወባ በኩል ነው፤ ለዚህ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ፔኒሲሊን ሳይመጣ በፊት፣ አንጎል ላይ የወጣ ቂጥኝ መድኃኒት አልነበረውም። ቪየና ላይ ዋግነር ያውሬግ የተባለ ሐኪም በ1917 እነዚህን ሕመምተኞች ሆን ብሎ ወባ አስያዛቸው፤ የወባው ትኩሳት ቂጥኙን ይገታዋል ብሎ። ለአንዳንዱ ሠራ፤ ሰውዬውም በ1927 ኖቤል ተሸለመ። ሕክምናው አሜሪካ ሲሻገር ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ለዚህ ሥራ የሚመርጡት ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት፣ ጥቁር ሕመምተኞችን አልይዝ አላቸው። ደጋግመው ሞከሩ፤ አይይዝም። ይህ በ1930ዎቹ የታወቀ ነገር ነበር። ምክንያቱን ግን ማንም አያውቅም።

ዓመታት አለፉ። በ1975 ሉዊስ ሚለር እና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የዝንጀሮ ወባ ተውሳክ ወስደው ከሰው ቀይ ሴሎች ጋር አቀላቀሉ። ተውሳኩ ዳፊ ያለውን ሴል ሰብሮ ይገባል። ዳፊ የሌለውን ግን ይጠጋዋል፣ ይነካካዋል፣ መግባት ያቅተዋል። በሚቀጥለው ዓመት በቫይቫክስ የተያዘ ትንኝ እንዲነድፋቸው የተደረጉ 17 በጎ ፈቃደኞችን ደም መረመሩ። 11ዱ ጥቁሮች፣ 6ቱ ነጮች ናቸው። ከ17ቱ ወባው ያልያዛቸው አምስት ብቻ ነበሩ፤ አምስቱም ዳፊ ኔጋቲቭ። ቫይቫክስ ቀይ ሴል ውስጥ ለመግባት ዳፊን እንደ በር እጀታ ይይዘዋል፤ እጀታው ከሌለ በሩ አይከፈትለትም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በነዚያ አሥርት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ የወባ ሙከራ ሰው የሚገኘው በአብዛኛው ከእስር ቤት ነበር። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ቃል ግድግዳ ውስጥ ላለ ሰው ምን ያህል እንደሚሠራ እናንተው ፍረዱ። የአቶ ዳፊ ስም በዓለም የሕክምና መጽሐፍ ሁሉ ላይ አለ። የነዚያ አምስት ሰዎች ስም መማሪያ መጽሐፍ ላይ የለም። ስናስተምር ቢያንስ እንደነበሩ እናንሳቸው።

የዳፊ ታሪክ በዚህ አያበቃም። በ1968 ሮጀር ዶናሁ የሚባል፣ ባልቲሞር ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ የሚማር ወጣት፣ የገዛ ራሱን ክሮሞዞም በማይክሮስኮፕ ሲያይ አንደኛው ክሮሞዞሙ ላይ እንግዳ የሆነ የተዘረጋ ቦታ አየ። ዘመዶቹን እየዞረ ደም ቀዳ። ያ ቦታ በቤተሰቡ ውስጥ ከዳፊ ዓይነት ጋር እየተከታተለ ሲወርድ አገኘው። በዚህም ከጾታ ክሮሞዞም ውጭ መቀመጫው በቁጥር የታወቀለት የመጀመሪያው የሰው ጂን የዳፊው ሆነ፤ ክሮሞዞም አንድ። አክስትና አጎት ቤት እየዞረ መርፌ የያዘ ተማሪ እስቲ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት!

በ1995 ደግሞ ፓሪስ ላይ እነ ቱርናሚል ዳፊ ኔጋቲቭ ሰው ጂኑ እንዳልጠፋበት አሳዩ። ጂኑ ሙሉ ነው። ከፊቱ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ አንዲት ፊደል፣ ቲ የነበረችው ሲ ሆናለች። በዚህች በአንዲት ፊደል ምክንያት ጂኑ ቀይ ሴል ላይ ብቻ ይጠፋል፤ ሌላው የሰውነት ክፍል ላይ እንደበራ ነው። «የሌለው» ያልነው ሰው አለው፤ የሌለው በሩ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያች እናትና ወደ ልጇ ልመለስ። ነጭ ሴልን ከወባ በር ጋር ምን አገናኘው?

ዳፊ ለወባ ተብሎ የተሠራ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደታወቀው፣ ነጭ ሴሎችን «ወዲህ ና፣ ወዲያ ሂድ» እያሉ የሚጠሩ የሰውነት መልእክተኞችን የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ቀይ ሴል ላይ ከሌለ፣ በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረው የኒውትሮፊል ቁጥር ዝቅ ይላል። በ2009 ዴቪድ ራይክ እና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ ለዘመናት የታየው ዝቅተኛ ቁጥር በዋናነት ከዚያችው ከአንዲት ፊደል እንደሚመጣ አሳዩ። ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ሰውየው አይታመምም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ለኢንፌክሽን አይጋለጥም።

ግን የላቦራቶሪ ወረቀቱ «ከ1500 በታች ከሆነ አነሰ» ይላል። ያ ቁጥር ሲወጣ የተቆጠረው በአብዛኛው ዳፊ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ጤነኛው «ጎደሎ» ተብሎ ይመለሳል። እስራኤል ውስጥም ሐኪሞች ይህንኑ በየመን አይሁዶች፣ ኋላም በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ላይ አይተው ጽፈውታል። ለረጅም ጊዜ የሕክምናው ስም በዘር የተጠራ ነበር፤ አሁን ግን ከዳፊ ጋር የተያያዘ የኒውትሮፊል መጠን ወደሚል ስም እየተቀየረ ነው። ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። ክሎዛፒን የሚባል ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ነጭ ሴል ሲያንስ ይቋረጣል። ስንቱ ሰው የሚጠቅመው መድኃኒት በዚህ የተሳሳተ መስመር ምክንያት ተነጥቋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2015 ለእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ዝቅ ያለ መስመር አበጀ። የካንሰር መድኃኒት መጠንም እንዲሁ በዚህ ቁጥር ይወሰናል። ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

በኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። የወባ ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩ፦ «ቫይቫክስ ዳፊ ኔጋቲቭ ሰው አይዝም። አፍሪካውያን በአብዛኛው ዳፊ ኔጋቲቭ ናቸው። ስለዚህ ቫይቫክስ በአፍሪካ የለም ማለት ይቻላል።» መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ታዲያ በኛ አገር ያለው ቫይቫክስ ከየት መጣ?»

ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልቀለደም። በዚያው ሳምንት ልምምድ ላይ ያየነው ስላይድ ብዙው ቫይቫክስ ነበር። የራሳችን የወባ መመሪያ ለዓመታት «60 በመቶ ፋልሲፓረም፣ 40 በመቶ ቫይቫክስ» ሲል ኖሯል። እኔ ራሴ በማይክሮስኮፕ ስቆጥረው የኖርኩትን ተውሳክ ነው ሰሌዳ ላይ «የለም» ብዬ የጻፍኩት!

ልጁ ቀጠለ፦ «የያዛቸውን ሰዎች የዳፊ ዓይነት ብናየውስ?»

እኔ ምን አልኩ? «የዳፊ ሴረም የለንም። ለፈተናው የተጻፈውን ጻፍ።» ሴረሙ እውነትም አልነበረንም። ግን ያ ምክንያት እንጂ መልስ አልነበረም። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ የለ? ጠምጥሜ ቆሜ ነበር።

የጥያቄው ግማሽ መልስ ያኔም ሊገኝ የሚችል ነበር። ኢትዮጵያ በዳፊ በኩል ድብልቅ አገር ናት። ከምዕራብ አፍሪካ በተለየ ዳፊ ያለውም የሌለውም ሰው በብዛት አብሮ ይኖራል፣ ይጋባል፣ አንድ ቤት ውስጥ ይወለዳል። ለቫይቫክስ የሚሆን በር በሽ ነው። «አፍሪካውያን» ብሎ በአንድ ቃል የጠቀለለው መጽሐፍ እኛን አልቆጠረንም።

ሌላው ግማሽ ግን ያኔ ዓለምም አያውቀውም ነበር። የልጁ ሁለተኛ ጥያቄ፣ «የያዛቸውን ብናይስ?» የሚለው፣ ራሱን የቻለ ምርምር ነው። በ2010 ማዳጋስካር ላይ ተደረገ፤ ዳፊ ኔጋቲቭ የሆኑ ሰዎች በቫይቫክስ ታመው ተገኙ። ማዳጋስካርም እንደኛው ሁለቱ ዓይነት ሰዎች አብረው የሚኖሩባት አገር ናት። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ከኛው አገር፣ ከጅማ አካባቢና ከሌሎችም ቦታዎች፣ ተመሳሳይ ውጤት ወጣ። በደማቸው ያለው የተውሳክ ብዛት ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አለ። እጀታ የለውም ያልነው በር ይከፈታል። እንዴት? በ2023 የወጣ ምርምር፣ ዳፊ ኔጋቲቭ ሰው ላይም መቅኔ ውስጥ ገና በመፈጠር ላይ ባሉ ቀይ ሴሎች ላይ ዳፊ ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ቫይቫክስ ደግሞ የሚወደው ለጋ ሴል ነው። ነገሩ ገና እየተጠና ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? «እዚያ አገር ቫይቫክስ የለም» ከተባለ ማንም አይፈልገውም። ፋልሲፓረምን ብቻ የሚለይ ፈጣን ምርመራ ይገዛል፤ ቫይቫክስ የያዘው ሰው «ወባ የለህም» ተብሎ ይሸኛል። ተውሳኩ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም፤ ስላልተገኘም «ይኸው፣ የለም» ይባላል።

አንዲት ፊደል ናት፤ ሁለት ስህተት ሠራንባት። በአንድ በኩል ጤነኛውን ልጅ «ታመሃል» አስባለችው፤ በሌላ በኩል የታመመውን «አልታመምክም» አስባለችው። ሁለቱም ጊዜ ደሙ አልዋሸም። ቆጠራው ላይ ያልነበሩ ሰዎችን በሌሎች ሰዎች መስመር ስለለካናቸው ነው።

ላቦራቶሪና ሆስፒታል ውስጥ ለምትሠሩ ልጆቼ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ መጽሐፉና ስላይዱ ሲጣሉ ስላይዱን ደግማችሁ እዩት፤ ከዚያም መዝግቡት። ሁለተኛ፣ ውጭ አገር ላላችሁ፦ ነጭ ሴላችሁ ወይም የልጃችሁ ነጭ ሴል ሁልጊዜ አነስ የሚል ከሆነና ሕመም ከሌለ፣ ሐኪማችሁን «የዳፊ ዓይነቴ ሊታይ ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አደራ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ምርመራ እንዳታቋርጡ! ነጭ ሴል በሌላ ከባድ ምክንያትም ያንሳል። ጠይቁ ነው ያልኩት።

አንተ ደግሞ፣ ከኋላ በመስኮቱ በኩል ትቀመጥ የነበርከው፣ ስምህን እዚህ አልጽፈውም፤ ካነበብከው ታውቀዋለህ። በዚያ ፈተና ላይ «ቫይቫክስ በኢትዮጵያ በብዛት አለ» ብለህ ጽፈህ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሁለት ማርክ ቀንሼብሃለሁ። ትክክል የነበርከው አንተ ነህ። ሁለቱን ማርክ ዛሬ መልሼልሃለሁ፤ ይቅርታዬንም ጨምሬ።

የት እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ አድርሱልኝ።